ማረፊያ ያጣው የአየር መርከብ

በዳሪሙ ለሕዝብ የተደረገ የትምህርት ንግግር፤ ለኅትመት ተስተካክሎ የቀረበ

  

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የጦር የአየር መርከብ ነው። መርከቡ ኤል 59 ይባላል። ጀርመኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሠሩት። በኅዳር 1910 ዓ.ም. ከቡልጋሪያ ተነሥቶ፣ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ፣ የግብፅን በረሃ አቋርጦ ከካርቱም በስተ ምዕራብ ድረስ መጣ፤ ከዚያም ተመለሰ። ዓመት ሳይሞላው በጣሊያንና በአልባኒያ መካከል ባለው ባሕር ላይ በእሳት ተያይዞ ከነሰዎቹ ጠፋ።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ሩቅ መስሎ እንዳይታያችሁ። የእኛው የሶር ወንዝ ወደ ገባ ወንዝ ይገባል፤ ገባ ከብርብር ጋር ተገናኝቶ ባሮ ይሆናል፤ ባሮ ወደ ሶባት፣ ሶባት ወደ ነጭ ዓባይ ይፈስሳል፤ ነጭ ዓባይ ካርቱም ይደርሳል። መርከቡ ፊቱን ያዞረበት ስፍራ ከዚህ አካባቢ ቢርቅ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የዓባይን መስመር ይዞ ወደ ደቡብ ቢቀጥል ኖሮ አንድ ቀን ሳይሞላ የእኛ ወንዞች ውኃ ከነጭ ዓባይ ጋር ወደሚቀላቀልበት አገር በደረሰ ነበር።

ንግግሬን እንዲህ አዘጋጅቼዋለሁ፤ በመጀመሪያ መርከቡ ለምን እንደተሠራና ምን እንደተጫነበት፣ ቀጥሎ ጉዞውን፣ ከዚያም አጠፋፉን እናገራለሁ። በመጨረሻ ወደ አገራችን፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ወለጋ እመለሳለሁ። የማስረዳው ግን አንድ ነገር ነው። በአየር የሚሄድ መሣሪያ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ሰማዩ ነው፤ ስንት ሰዓት እንደበረረ፣ ምን ያህል ርቀት እንደሄደ። እኔ ግን የዚህን መርከብ ዕጣ ከመነሻው ጀምሮ የወሰነው ምድሩ ነው፣ በምድሩ ላይ በእግሩ የሚሄደው ሰው ነው እላለሁ።

እንግዲህ ከመነሻው እንጀምር። ጦርነቱ ሲጀመር ጀርመን የዛሬዎቹን ታንዛኒያን፣ ሩዋንዳንና ቡሩንዲን በቅኝ ግዛትነት ይዛ ነበር። የጦሩ አዛዥ ፓውል ፎን ሌቶቭ ፎርቤክ ይባል ነበር። አብዛኞቹ ወታደሮቹ አስካሪ የሚባሉት አፍሪካውያን ነበሩ። የእንግሊዝ የባሕር ኃይል የሕንድ ውቅያኖስን ዳርቻ ዘጋበት። በ1907 ዓ.ም. አንዲት፣ በ1908 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ የጀርመን መርከብ አጥሩን ጥሰው ጥይትና መድኃኒት አደረሱለት፤ ከዚያ በኋላ ግን በባሕር የደረሰለት የለም። ከእንግሊዝ፣ ከቤልጂግና ከፖርቱጋል ጦር ጋር እየተዋጋ ከአገሩ ሰሜን ወደ ደቡብ ጥግ ተገፋ።

በዚህ ጊዜ ማክስ ሱፒትሳ የተባለ በአፍሪካ ቅኝ ግዛት ያገለገለ የጀርመን ሐኪም አንድ ሐሳብ አቀረበ። ባሕሩ ቢዘጋም ሰማዩ ክፍት ነውና በአየር መርከብ እንርዳቸው አለ። የጀርመን የባሕር ኃይል ሐሳቡን ተቀበለ። ለዚህ ተልእኮ መጀመሪያ የተዘጋጀው ኤል 57 ነበር። የአዛዡ ስም ሉድቪግ ቦክሆልት ነው። ኤል 57 ገና ከጀርመን ሳይወጣ፣ በመስከረም 1910 ዓ.ም. ማለቂያ፣ ዩተርቦግ በሚባለው ጣቢያ ዐውሎ ነፋስ መታው። ወደ መጠለያው ሊመልሱት አልቻሉም፤ ምድር ላይ እየተላተመ ተሰባበረና ተቃጠለ። እንግዲህ የመጀመሪያው መርከብ የጠፋው ገና በራሱ ሜዳ ላይ ነው። ወዲያው ሌላ ተዘጋጀ፤ እርሱም የዛሬው ባለ ታሪካችን ኤል 59 ነው፤ አዛዡም ያው ቦክሆልት ሆነ።

የአየር መርከብ አይታችሁ ለማታውቁ ልጆች አሠራሩን ላስረዳ። አፅሙ ዱራሉሚን ከሚባል ቀላልና ጠንካራ የአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠራ ነው። በላዩ ላይ ጨርቅ ይለብሳል። በውስጡ በተርታ የተደረደሩ ትልልቅ የጋዝ ከረጢቶች አሉ። ከረጢቶቹን የሚሞላው ሃይድሮጂን ነው። ሃይድሮጂን ከአየር በጣም ስለሚቀል አንድ ሜትር ኩብ ጋዝ ከአንድ ኪሎ ግራም ጥቂት የሚበልጥ ክብደት ወደ ላይ ይይዛል። ኤል 59 የያዘው ጋዝ 68,500 ሜትር ኩብ ነበር። ርዝመቱ 226 ሜትር ተኩል ነው፤ ሁለት የእግር ኳስ ሜዳዎች በቁመታቸው ቢቀጣጠሉ ከእነርሱ ይረዝማል። አምስት የማይባክ ሞተሮች ይገፉታል። ሠራተኞቹ በሆዱ ውስጥ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ በተዘረጋ ጠባብ መተላለፊያ ይመላለሳሉ፤ ግራና ቀኙ የቤንዚን በርሜልና ሚዛን መጠበቂያ የውኃ ከረጢት ነው። ሃይድሮጂን እንኳን በእሳት በብልጭታም ይነድዳል። በዚያ መርከብ ላይ የሚሳፈር ሰው ሁሉ ይህን እያወቀ ነበር የሚሳፈረው።

አሁን ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር ይመጣል። ይህ መርከብ ሲሠራ እንዲመለስ ታስቦ አልተሠራም። በምሥራቅ አፍሪካ ሃይድሮጂን የሚሠራ ፋብሪካም፣ የመርከብ መጠለያም፣ የሠለጠነ የምድር ሠራተኛም አልነበረም። የአየር መርከብ ለማረፍ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ገመዱን ይዘው መጎተት አለባቸው። ስለዚህ ጀርመኖች መርከቡ ሲደርስ ተፈትቶ ሁለመናው እንዲሠራበት አቀዱ። የውጭ ጨርቁ ለድንኳንና ለልብስ፣ የጋዝ ከረጢቶቹ ለመኝታና ለዝናብ መከላከያ፣ የዱራሉሚን አፅሙ ለሬዲዮ ምሰሶ፣ ሞተሮቹ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ፣ በመተላለፊያው ላይ የተነጠፈው ቆዳ ሳይቀር ለጫማ ሊውል ታሰበ። አስባችሁታል? በዓለም ላይ ካሉት ትላልቅ ማሽኖች አንዱ ተሠርቶ የጫማ ቆዳው ሳይቀር ተቆጥሮለት ወደማይመለስበት አገር ይላካል። በዚህ ሐሳብ ውስጥ ብልሃት አለ፤ እኔ ግን ከብልሃቱ ይልቅ ጭንቀቱ ይታየኛል።

ጭነቱ 15 ቶን ያህል ነበር። ከዚህ ውስጥ 311,100 ጥይት፣ መትረየስና መለዋወጫው፣ 61 ጆንያ የቁስል ማሰሪያና መድኃኒት፣ የስፌት ዕቃ፣ የጫካ መጥረቢያ ቢላዋ፣ የሬዲዮ ዕቃና ደብዳቤ ይገኝበታል። ሐኪሙ ሱፒትሳም አብሮ ተሳፈረ። በመርከቡ ላይ 22 ሰዎች ነበሩ።

እስቲ ይህን 15 ቶን በእኛ መስፈርት እንለካው። በዚያ ጦርነት አንድ ተሸካሚ የሚጫንበት 25 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። 15 ቶን ማለት እንግዲህ የ600 ሰው ሸክም ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ጦርነት ከሁሉ በላይ የሸክም ጦርነት ነበር። ቆላው በገንዲ በሽታ የተያዘ ስለሆነ በቅሎና ፈረስ ያልቃሉ፤ መንገድ የለም፤ ስለዚህ ጥይቱም፣ ዱቄቱም፣ ድንኳኑም፣ ቁስለኛውም በሰው ጀርባና ራስ ላይ ነበር የሚሄደው። በእንግሊዝ በኩል ብቻ ወደ 100,000 የሚጠጉ ተሸካሚዎች በወባ፣ በተቅማጥ፣ በረኀብና በድካም እንደሞቱ ይገመታል። በጀርመን በኩል ያሉት ደግሞ ብዙዎቹ ከመንደራቸው በግድ የተወሰዱ ነበሩ፤ ጦሩም ያለፈበትን አገር እህል እየወሰደ ሕዝቡን ለረኀብ ዳረገ። ኤል 59 ሊያግዝ የሄደው ይህንን ጦር ነው። ጥይቱ የሚተኮሰው በአፍሪካዊ አስካሪ እጅ፣ የሚሞተውም አብዛኛው አፍሪካዊ ነበር። የመርከቡ ሠራተኞች ስም በጀርመን መዝገብ ላይ ተጽፏል። የ600ው ሰው ሸክም ግን ሲወድቅ የሚነሣ፣ ሲሞት የሚተካ ሰው ሸክም ነበርና ስሙን የጻፈለት ጥቂት ነው።

ስለ መነሻው ይህን ያህል ካልሁ ወደ ጉዞው ልለፍ። መርከቡ በጥቅምት 1910 ዓ.ም. ከጀርመን ተነሥቶ ወደ ያምቦል ሄደ። ያምቦል በቡልጋሪያ የሚገኝ ከተማ ነው፤ በጀርመንና በተባባሪዎቿ ግዛት ከሁሉ ወደ ደቡብ የራቀው የአየር መርከብ መጠለያ ያለበት ቦታ እርሱ ነበር። ሁለት ጊዜ ለመሄድ ተሞክሮ አልተሳካም። በመጨረሻ ኅዳር 12 ቀን፣ በእኛ አገር የሚካኤል በዓል በሚከበርበት ጠዋት፣ ተነሣ። ኢትዮጵያ በዚያ ዓመት ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ከወረዱ ገና አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ሆኗታል፤ ንግሥት ዘውዲቱ ነግሠዋል፤ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ናቸው። ጦርነቱ በጎረቤቶቻችን ላይ ሲነድ እኛ ከውጭ ሆነን እንመለከት ነበር።

መርከቡ በቱርክ በኩል ወደ ደቡብ ወርዶ ቀርጤስ ደሴት አካባቢ ሲደርስ ነጎድጓዳማ ዝናብ ገጠመው። በገላው ላይ ሰማያዊ የኤሌክትሪክ ብርሃን ታየ፤ ይህ ሃይድሮጂን ለተሸከመ መርከብ ምን ማለት እንደሆነ መገመት ትችላላችሁ። የሬዲዮው ሽቦ ወደ ውስጥ ስለተጠቀለለ በዚያ ሰዓት መልእክት መስማት አልቻሉም። በማግሥቱ ማለዳ መርሳ ማትሩህ አጠገብ የአፍሪካን ምድር አገኙ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ በረሃ ነው። የፋራፍራንና የዳክላን ምንጮች አልፈው ወደ ዓባይ አመሩ።

በረሃው ላይ የደረሰባቸውን ጥቂት ቆም ብዬ ልንገራችሁ። ፀሐይ አሸዋውን ስታግለው አየሩ ወደ ላይ እየተገፋ መርከቡን ያንገላታዋል። ከረጢቶቹ ውስጥ ያለው ጋዝም በሙቀት ሰፍቶ ወደ ውጭ ይወጣል፤ የወጣው ጋዝ አይመለስም። የአሸዋው ንፀባረቅ የሠራተኞቹን ዓይን አሳመመ፤ ራስ ምታት ያዛቸው፤ አንዳንዶቹ የሌለ ነገር ይታያቸው ጀመር። ከፊት ያለው ሞተር ተበላሸ። ለሬዲዮው መላኪያ ኃይል የሚሰጠው ይኸው ሞተር ስለነበር ከዚያ ወዲያ መርከቡ ይሰማል እንጂ አይናገርም። ሌሊቱ ሲገባ ደግሞ ጋዙ በቅዝቃዜ ይኮማተራል፤ የማንሣት ኃይሉ ይቀንሳል። በሱዳን ሰማይ ላይ በዚያች ሌሊት መርከቡ በድንገት ከበደና ወረደ፤ ከፊቱ ተራራ ነበር። ከ2 ቶን በላይ ውኃና ጥይት ወደ ውጭ ጥለው ለጥቂት ተረፉ። ለዚያ ሁሉ መከራ የተጫነው ጥይት ከፊሉ በሱዳን አሸዋ ላይ ፈሰሰ ማለት ነው።

ኅዳር 14 ሌሊት ከካርቱም በስተ ምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ሳሉ ከጀርመን ሬዲዮ ጣቢያ ከናውኤን መልእክት ደረሳቸው። ትእዛዙ ተመለሱ የሚል ነው። ምክንያቱ ምድሩ ነው። መርከቡ ሊያርፍ የታሰበው በደቡብ ታንዛኒያ በማኮንዴ ደጋ ላይ ነበር፤ የእንግሊዝ ጦር ግን አብዛኛውን የማኮንዴን አገር ይዟል የሚል ዜና በርሊን ደረሰ። መርከቡ ቢሄድ በጠላት እጅ ይወድቃል ብለው ፈሩ። ከሠራተኞቹ መካከል እንቀጥል ያሉ እንደነበሩ ይነገራል፤ ቦክሆልት ግን ትእዛዙን አክብሮ ፊቱን አዞረ።

በኋላ በአውሮፓ አንድ ወሬ ተሰራጨ። መልእክቱን የላከው የእንግሊዝ ስለላ ነው፣ በጀርመን ምስጢራዊ ቋንቋ ጽፎ አታለላቸው የሚል ነው። ታሪኩ ደስ ስለሚል ብዙ መጻሕፍት ደጋግመውታል። ታሪክ ጸሐፊዎች ሰነዶቹን ሲመረምሩ ግን ትእዛዙ ከጀርመን የባሕር ኃይል ራሱ የወጣ ሆኖ ተገኝቷል። ወሬው ለምን እንደተወደደ ይገባኛል፤ ሁለት ብልሆች በሰማይ ተገናኝተው አንዱ ሌላውን ሲረታ ማየት ይማርካል። እውነቱ ግን ከዚያ ይልቅ ያስተምራል። መርከቡ በቀን ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ እየቻለ፣ ለላኪዎቹ ስለሚሄድበት አገር ዜና የሚደርሳቸው በእግረኛና በተቆራረጠ ሬዲዮ ነበር። አዛዦቹ ከቀናት በፊት የነበረውን የጦር ሜዳ ነበር የሚያዩት።

የሚያስገርመው መጋጠም ቀጥሎ የመጣው ነው። ኤል 59 ኅዳር 16 ቀን ማለዳ ያምቦል ተመልሶ አረፈ። 95 ሰዓት በአየር ላይ ቆይቶ 6,757 ኪሎ ሜትር ሄዶ ነበር፤ ለ64 ሰዓት የሚበቃ ቤንዚንም ተርፎታል። እዚያው ኅዳር 16 ቀን ደግሞ ፎን ሌቶቭ ፎርቤክ የሩቩማን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ሞዛምቢክ ገባና ንጎማኖ የሚባለውን የፖርቱጋል ምሽግ በድንገት መትቶ ያዘ። በምሽጉ ውስጥ ጠመንጃ፣ መትረየስና ሩብ ሚሊዮን የሚጠጋ ጥይት አገኘ። በሰማይ ሊመጣለት የነበረውን፣ በእግር ወንዝ ተሻግሮ ከጠላቱ እጅ ወሰደ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ተዋጋ፤ እጁን የሰጠው በአውሮፓ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ ኅዳር 16 ቀን 1911 ዓ.ም. በዛሬዋ ዛምቢያ ነው። አንድ ዓመት የተዋጋው ግን በማን ትከሻ እንደሆነ አንርሳ፤ ከ300 ያልበለጡ አውሮፓውያን፣ ሁለት ሺህ የማይሞሉ አስካሪዎች፣ ከእነርሱ ይልቅ በቁጥር የሚበዙ ተሸካሚዎች ነበሩ ወንዙን የተሻገሩት።

አሁን ወደ መርከቡ አጠፋፍ ደርሻለሁ። ከአፍሪካ ከተመለሰ በኋላ ኤል 59 የተሠራበት ዓላማ የለውም። ለመፈታት የተሠራ መርከብ ሳይፈታ ቀረ። ስለዚህ የቦምብ መርከብ አደረጉት። በመጋቢት 1910 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ናፖሊን ደበደበ፤ ከዚያ ወደ ፖርት ሳኢድ ሄዶ የፊት ነፋስ ስለበረታበት ዓላማውን ሳያደርስ ተመለሰ። መጋቢት 29 ቀን 1910 ዓ.ም. ወደ ማልታ ለመዝመት ከያምቦል ተነሣ። ባልካንን አቋርጦ ማታ ላይ ኦትራንቶ ወደሚባለው ጠባብ ባሕር ደረሰ። በባሕሩ ላይ ዩቢ 53 የተባለ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ነበር፤ ሠራተኞቹ ኤል 59 ከላያቸው ሲያልፍ በዓይናቸው አይተውታል። ጥቂት ቆይቶ በአድማስ በኩል ታላቅ ነበልባል ታየ፤ የፍንዳታ ድምፅም ተሰማ። ከተሳፈሩት 21 ሰዎች አንድም አልተረፈም። አዛዡ ቦክሆልትም እዚያው ቀረ።

ጠላት መታው እንዳይባል፣ እንግሊዞችም ጣሊያኖችም እኛ ጣልነው አላሉም። በጦርነት ጊዜ እንዲህ ያለ ድል ያገኘ ሠራዊት ዝም አይልም። ስለዚህ በራሱ ላይ የተነሣ እሳት ነው ተብሎ ይታመናል። ያን ያህል ሃይድሮጂን፣ ከሥሩ ቤንዚንና የጋለ ሞተር፣ በሆዱ ቦምብ ይዞ ለሚሄድ መርከብ አንዲት የነዳጅ ፍሳሽ በቂ ናት። ዓለም ይህን ትምህርት ወዲያው አልተማረም። ከዚህ በኋላ የእንግሊዙ አር 101 በ1923 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ፈረንሳይ ውስጥ ወድቆ 48 ሰዎች ሞቱ፤ የጀርመኑ ሂንደንበርግ በ1929 ዓ.ም. አሜሪካ ሲያርፍ ተቃጥሎ የ36 ሰዎችን ሕይወት አጠፋ። የትላልቆቹ የአየር መርከቦች ዘመን በዚያ አበቃ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ወደ አገራችን እንመለስ። ከመጀመሪያው ያነሣሁት ነጥብ፣ የሰማዩን መሣሪያ ዕጣ ምድሩ ይወስናል ያልሁት፣ በእኛው ሰፈር በሁለት ታሪኮች ይታያል።

አንደኛው ከመርከቡ 19 ዓመት በፊት የሆነ ነው። በ1890 ዓ.ም. የኢሉባቦር ገዥ የነበሩት፣ በኋላ ራስ የሆኑት ደጃዝማች ተሰማ ናደው በዐፄ ምኒልክ ትእዛዝ ከጎሬ ጦራቸውን አስከትለው ወደ ቆላው ወረዱ። ዓላማቸው የነጭ ዓባይን ዳር መድረስ ነበር። የጦሩ አንድ ክፍል በሰኔ ወር ሶባት ወደ ነጭ ዓባይ የሚገባበት ስፍራ ደርሶ ሰንደቅ ዓላማ ተከለ። የደጋ ሰው በዚያ ረግረግ በወባ ምን ያህል እንደተጎዳ እናንተ የቆላውን መንገድ የምታውቁት ይገባችኋል፤ ብዙ ሰው በበሽታ አልቆ ጦሩ ተመለሰ። ኤል 59 የዓባይን መስመር ይዞ ቢቀጥል በሰዓታት ያልፈው የነበረውን አገር የኢሉባቦር ሰው በእግሩ ለክቶታል። ከዚያ በኋላም በ1894ቱ ውል መሠረት ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ተከፍቶ፣ የእንፋሎት ጀልባዎች በክረምቱ ሙላት ከካርቱም እየወጡ ቡናችንን ይጭኑ ነበር። ቡናው ከጎሬ በቡሬ በኩል ጋምቤላ የሚወርደው ግን በበቅሎ ጀርባና በሰው ትከሻ ነበር። መርከቡ በበረሃው ላይ ሲንገላታ በነበረበት በዚያው ኅዳር፣ እዚህ ቡና ይለቀምና ይደርቅ ነበር፤ ወደ ወንዙ ዳር የሚያደርሰው ሰውም ጭነቱን ያዘጋጅ ነበር። ሰማዩን ቀና ብሎ ያየ ቢኖር የሚያየው ነገር የለም። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው እንኳ ከዚያ 11 ዓመት ቆይቶ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የ1928 ዓ.ም. ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ ከሄዱ በኋላ ጎሬ የቀረው መንግሥት መቀመጫ ሆነች፤ ራስ እምሩም ወደዚህ መጡ። በሰኔ ወር ጣሊያኖች የምዕራቡን አገር ያለ ጦር በእጃቸው ለማስገባት ሦስት አውሮፕላኖች ወደ ወለጋ ላኩ። አውሮፕላኖቹ ነቀምት አጠገብ ቦነያ በሚባል ሜዳ አረፉ። በውስጣቸው የጣሊያን አየር ኃይል በምሥራቅ አፍሪካ ምክትል አዛዥ ጄኔራል ቪንቼንዞ ማሊዮኮና ዝነኛው አብራሪ አንቶኒዮ ሎካቴሊ ነበሩ። ሰኔ 20 ሌሊት የጥቁር አንበሳ አርበኞች፣ ከእነርሱም መካከል የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ ሜዳውን ከበው አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ፤ ጄኔራሉና አብረውት የመጡት ተገደሉ፤ ከእነርሱ ጋር የመጡት ቄስ ማርዮ ቦሬሎ በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ ስለነበሩ ተረፉ። እነዚያ አውሮፕላኖች በአየር ላይ ማንም አይደርስባቸውም ነበር። ሥልጣናቸው ያበቃው ጎማቸው የወለጋን ሣር በነካበት ሰዓት ነው። ኤል 59 የሚያርፍበት ምድር አጥቶ ተመለሰ፤ እነዚህ ደግሞ የማይቀበላቸው ምድር ላይ አረፉ። ጎሬም እስከ ኅዳር 1929 ዓ.ም. ድረስ በጣሊያን ሳትያዝ ቆየች።

እነዚህን ታሪኮች አንድ ላይ የማቀርባቸው መሣሪያ ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። ጣሊያኖች በዚያው ጦርነት ከአየር በሚረጭ መርዝ ስንት ወገን እንደፈጁ እናውቃለን፤ ሰማዩን የያዘ ኃይል የሚያደርሰውን ጉዳት የእኛ ሕዝብ በገላው አይቶታል። የምለው ሌላ ነው። የኤል 59 ታሪክ በጀርመንና በእንግሊዝ መጻሕፍት ተጽፎ ስናገኘው፣ የሞተሩ ቁጥርና የቤንዚኑ ልክ ሳይቀር ተመዝግቦ እናገኘዋለን። የ600ው ተሸካሚ ሸክም፣ የሶባት መንገደኛ፣ ከጎሬ ጋምቤላ ቡና ያወረደው ሰው ግን በአብዛኛው በቃል ብቻ ነው የቀረው። ይህም ቃል በየዓመቱ ከሽማግሌ ጋር ወደ መቃብር ይወርዳል።

ስለዚህ እዚህ ለተቀመጣችሁ መምህራንና ተማሪዎች አንድ ልመና አለኝ። በዳሪሙ፣ በመቱ፣ በጎሬና በቡሬ፣ በጋምቤላ መንገድ ጭነት ያወረዱ፣ ከራስ ተሰማ ጋር የዘመቱ፣ በ1928ና በ1929 ዓ.ም. ጎሬ የነበሩ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች አሉ። በዚህ ዓመት ወደ እነርሱ ሂዱ። የተሸከመውን ሰው ስም፣ የመጣበትን ቀበሌ፣ ጭነቱን፣ ያደረበትን ስፍራ፣ ተመልሶ እንደሆነ ወይም በመንገድ እንደቀረ ጠይቃችሁ ጻፉ። በኦሮምኛ የነገሯችሁን በኦሮምኛ፣ በአማርኛ የነገሯችሁን በአማርኛ ጻፉት። አንዱን ቅጂ በትምህርት ቤታችሁ አስቀምጡ፤ ሌላውን ለመቱ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ስጡ።